ድራይቭ ኢን ራክ ለሳሙና አሪፍ ነው፣ ለብስኩት ግን ይቅርባችሁ

ቃሊቲ አካባቢ ያለ የጅምላ መጋዘን ነው የምሰራው፣ ድራይቭ ኢን ራክ የሚባለውን የብረት የእቃ መደርደሪያ አስገጥመን እየተጠቀምንበት ስለሆነ ለመግዛት ያሰበ ካለ ይሄን አንብቦ ይወስን።

ቦታ መቆጠቡ ላይ ምንም አይወጣለትም። በተለመደው ራክ ፎርክሊፍት (እቃ ማንሻው መኪና) የሚዞርበት መተላለፊያ በየመሀሉ መተው ግድ ነው፣ እዚህ ግን ፎርክሊፍቱ ራሱ ራኩ ውስጥ ገብቶ ከጥግ ጀምሮ ፓሌቱን (እቃ የሚደረደርበትን መደብ) ግራና ቀኝ ያለው ሐዲድ ላይ እያሳረፈ ይወጣል፣ መተላለፊያ የነበረው ሁሉ እቃ ተደረደረበት ማለት ነው። በዚህ የመጋዘን ኪራይ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

ግን ሻጮቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያልፏት ነገር አለች፣ መጨረሻ የገባው ነው መጀመሪያ የሚወጣው። ጥግ ያለውን አሮጌ ፓሌት ከፈለጋችሁ ፊቱ ያለውን በሙሉ ማውጣት ነው። ሳሙና ቢቆይ ግድ የለም፣ ብስኩትና ጁስ ግን እዛው ጥግ እንደተቀመጠ ኤክስፓየር ያደርጋል። ደሞ አንዱ መስመር ውስጥ አንድ አይነት እቃ ብቻ ነው የሚገባው፣ ግማሹ ከተሸጠ ቀሪው ቦታ ባዶውን ይቆያል፣ ሌላ እቃ ልደርድርበት ካላችሁ የኋላውን ዘጋችሁት። ስለዚህ አርባ አይነት እቃ ትንሽ ትንሽ የሚይዝ ነጋዴ ባያስበው ይሻላል።

ፓሌትም ይመርጣል። ሐዲዱ የሚይዘው ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ስለሆነ ከየቦታው የተለቃቀመ ልኩ የማይገጥም ፓሌት ሊወድቅ ይችላል፣ እኛ አንድ አይነት 1.2 በ1 ሜትር ብቻ ነው የምናስገባው። ኦፕሬተሩም ቀልቡ የተሰበሰበ መሆን አለበት፣ ውስጡ ጠባብ ነው፣ የራኩን ቋሚ ብረት ከገጨና ከጎበጠ እቃው ወርዶ ይቀየራል እንጂ በመዶሻ አቃንቶ ቀለም ቀብቶ ማለፍ የለም!!

የሚበላ ነገር የምትይዙ ከሆነ ፓሌት ፍሎው የሚባለውን ራክ ጠይቁ፣ ሮለሩ ትንሽ ዘቅዘቅ ያለ ነው፣ ከኋላ ታስገባላችሁ በራሱ እየተንሸራተተ ፊት ይመጣል፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል፣ ዋጋው ግን ከበድ ይላል። ሸትል የሚሉት ደግሞ ራኩ ውስጥ ፓሌት የሚያመላልስ በሪሞት የሚታዘዝ ባትሪ ያለው ጋሪ ነው፣ ፎርክሊፍቱ ራኩ ውስጥ መግባቱ ይቀራል፣ ከመብራታችን ጠባይ አንፃር ግን ትርፍ ባትሪ ሳትይዙ እንዳትገዙት።

ለራኩ ከ5 4 ሰጥቻለሁ፣ ለገጠሙልን ሰዎች 2፣ እሱም በዝቶባቸው ነው፣ አንዱ ደረጃ ስንት ኪሎ እንደሚችል የሚገልፅ ታፔላ አምጡ ብንላቸው ነገ ነገ እያሉ እስካሁን አላመጡም።