ቆጮ ከክትፎው ተለይቶ ሲመዘን

«በዓለም ላይ የኛ ብቻ የሆነ ምግብ የትኛው ነው?» ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚጠራው ክትፎን ነው። ጥሬ ሥጋ ግን ሊባኖሶችም ከስንዴ ክክ ጋር ወቅጠው ይበሉታል፣ ፈረንሳዮችም ከትፈው ያቀርቡታል። የኛን የሚለየው ሚጥሚጣው፣ ኮረሪማውና በኮሰረት የተነጠረው ቅቤ ነው። እንጀራም ቢሆን የኤርትራውያንም ነው። ከክትፎው ገበታ ላይ አቻ የሌለው ከእንሰት የሚሠራው ቆጮ ነው። እንሰት ከምሥራቅ እስከ ደቡብ አፍሪካ በዱር ይበቅላል፤ ተክሎና አብላልቶ የዕለት ምግብ ያደረገው ግን የጉራጌ፣ የሲዳማ፣ የሀዲያ፣ የጌዴኦ፣ የጋሞና የሌሎችም የአገራችን ገበሬዎች ሙያ ነው።

የቆጮ ጥራት የሚጀምረው ከማሳው ነው። እንሰቱ እንደ ቦታው ከፍታ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይቆያል፤ የሚፋቀው አበባ ሊያወጣ ሲል ነው። ፍሬ ከያዘ በኋላ ጉልበቱ ወደዚያ ስለሚሄድ ምርቱ ይቀንሳል። የተፋቀው ግንድ ከተከተከተው አምቾ (ከመሬት በታች ካለው የእንሰቱ ወፍራም ሥር) ጋር ተደባልቆ፣ በኮባ ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ ይብላላል። ደጋ ላይ ቅዝቃዜው ስለሚያዘገየው ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ገበያ ላይ ነጣ ያለውን ይምረጡ። ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ካለበት አየር ገብቶበታል። ሽታው ኮምጠጥ ማለቱ ጤነኛ ነው፤ የብስባሽ ሽታ ካለው ግን ይተዉት። በእጅ ሲጨብጡት ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነ የሚከፍሉት ለውሃ ነው። በጣት አሽተው ቃጫውንም ይዩ፤ የበዛበት ቆጮ ቤት ገብቶ ሥራ ያበዛል።

ለመጋገር መጀመሪያ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ውሃው እስኪያቆም ይጭመቁት። ከዚያ መክተፊያ ላይ በስለታም ቢላ ደጋግሞ መክተፍ፣ ረጃጅሙን ቃጫ መልቀም፣ በወንፊት መንፋት። ኮባ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት አድርገው ይዘርጉትና ሌላ ኮባ ከላይ አልብሰው፣ በመካከለኛ እሳት በየጎኑ 10 ደቂቃ ገደማ ያብስሉት። በደንብ ያልተጨመቀ ከሆነ ውጩ ደርቆ ውስጡ እንደ ሙጫ ይያያዛል። ከልክ በላይ የተጨመቀ ደግሞ ይፈረፈራል፤ ጥቂት ውሃ ረጭቶ ማሸት ያድነዋል። እሳቱ ከበረታ ኮባው አርሮ ቆጮውን ያመርረዋል።

የብዙ ክትፎ ቤቶች ድክመት እዚህ ላይ ነው። ለሥጋው ይጨነቁና ቆጮውን ቀዝቅዞ እንደገና የሞቀ ያቀርባሉ፤ እንዲህ ያለው ቆዳ ይሆናል። ትኩስ ቆጮ ሲታጠፍ አይሰበርም፣ ቅቤውንም ይመጥጣል። ከክትፎና ከአይብ ጋር የተጣመረውም በቂ ምክንያት ስላለ ነው፦ ቆጮ ብቻውን ፕሮቲኑ በጣም ትንሽ ነው። በጾም ባቄላ ይተካቸዋል።

እንሰቱ ሲፋቅ ከሚወጣው ጭማቂ የሚረጋው ቡላ ደግሞ ለገንፎ ነው። ቀድሞ በቀዝቃዛ ውሃ መበጥበጥ አለበት፤ የፈላ ውሃ ላይ ከተነሰነሰ ይጓጉላል። ደረቁ ቡላ ሳይበላሽ ስለሚቆይ ለውጭ አገር መንገድ ከቆጮ ይሻላል። እዚያ ቆጮ አግኝቶ ኮባ ላጣ ሰው የሙዝ ቅጠል ይበቃዋል፤ ስስ ስለሆነ ሁለት መደረብ ነው።