ቴኔክቴፕሌዝ ለስትሮክ፦ በአንድ መርፌ የሚያልቀው መድኃኒት ሲፈተሽ

የአንጎል ደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ (ይህ አንዱ የስትሮክ ዓይነት ነው)፣ መዘጋቱን በመድኃኒት ለማቅለጥ ለብዙ ዓመታት የነበረው ምርጫ አልቴፕሌዝ ብቻ ነበር። አሁን ታናሽ ወንድሙ ቴኔክቴፕሌዝ ቦታውን እየተረከበ ነው። መድኃኒቱ ለሃርት አታክ በአሜሪካ የተፈቀደው በ2000 ሲሆን (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለስትሮክ ግን እስከ መጋቢት 2025 መጠበቅ ነበረበት። ገበያ ላይ ቲኤንኬዝ ወይም ሜታላይዝ በሚል ስም ይገኛል። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ በፈዋሽነቱ ከአልቴፕሌዝ ብዙም አይርቅም፣ በአሰጣጡ ግን በእጅጉ ይበልጠዋል። በየደቂቃው የአንጎል ሕዋስ በሚሞትበት ሕመም ደግሞ አሰጣጥ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ መንገድ ነው። ደም ውስጥ ያለውን ፕላዝሚኖጅን ወደ ፕላዝሚን ይለውጣሉ፤ ፕላዝሚን የረጋውን ደም አስሮ የያዘውን የፋይብሪን መረብ ይበጣጥሳል። ቴኔክቴፕሌዝ የተገኘው የአልቴፕሌዝን ሞለኪውል ሦስት ቦታ ላይ በመለወጥ ነው። በዚህም ፋይብሪን ላይ ይበልጥ ያተኩራል፣ ሥራውን የሚያግደውን ተፈጥሯዊ ፕሮቲን ይቋቋማል፣ ከደምም ቶሎ አይጠፋም። የአልቴፕሌዝ መጠን ደም ውስጥ ከ5 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ በግማሽ ሲቀንስ፣ ቴኔክቴፕሌዝ ከ20 እስከ 24 ደቂቃ ይቆያል። በአንድ ጊዜ ተወግቶ የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ነው።

አልቴፕሌዝ የሚሰጥበት ክፍል ቆሞ ላየ ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው። መጠኑ በኪሎ 0.9 ሚሊግራም፣ ቢበዛ 90 ሚሊግራም ነው። አሥር በመቶው በአንድ ደቂቃ ይወጋል፣ የቀረው በ60 ደቂቃ በፓምፕ ይንጠባጠባል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 63 ሚሊግራም ማለት ነው፦ 6.3 በመርፌ፣ 56.7 በፓምፕ። ስህተት የሚገባው እዚሁ ስሌት ላይ ነው። ፓምፑ እስኪዘጋጅ ድረስ በመርፌውና በፓምፑ መሃል ክፍተት ይፈጠራል፤ መድኃኒቱ ቶሎ ስለሚጠፋ የክፍተቱ እያንዳንዱ ደቂቃ የመድኃኒቱን ኃይል ያወርደዋል። ቦርሳው ባዶ ሲሆን ቱቦው ውስጥ የቀረው መድኃኒት በሳላይን (የጨው ውሃ) ካልተገፋ ታካሚው ሙሉ መጠኑን አያገኝም። ወደ ሌላ ሆስፒታል የሚላክ ታካሚ ከሆነማ ፓምፑንም፣ የሚከታተለውንም ነርስ ይዞ ነው የሚሄደው።

የቴኔክቴፕሌዝ አሰጣጥ አጭር ነው። ለስትሮክ መጠኑ በኪሎ 0.25 ሚሊግራም፣ ቢበዛ 25 ሚሊግራም ነው። በአሜሪካ የተፈቀደው ሠንጠረዥ በክብደት እርከን ይሠራል፦ ከ60 ኪሎ በታች 15፣ ከ60 እስከ 70 የማይሞላው 17.5፣ ከ70 እስከ 80 የማይሞላው 20፣ ከ80 እስከ 90 የማይሞላው 22.5፣ 90 እና ከዚያ በላይ 25 ሚሊግራም። ሲበጠበጥ አንድ ሚሊሊትር ውስጥ 5 ሚሊግራም ስለሚኖር፣ 20 ሚሊግራም ማለት 4 ሚሊሊትር ነው። የሚበጠበጠው ከብልቃጡ ጋር በሚመጣው ንጹህ የመርፌ ውሃ ብቻ ነው። ብልቃጡን መነቅነቅ አረፋ ያበዛል፤ ቀስ አድርጎ ማሽከርከር ይበቃል፣ አረፋ ካለም ጥቂት ደቂቃ ማስቀመጥ ያረጋጋዋል። ከዚያ በ5 ሰከንድ ውስጥ ይወጋል፣ አለቀ።

አንድ ወጥመድ ግን አለ፦ ግሉኮስ የያዘ ፈሳሽ። በዲክስትሮስ (ግሉኮስ) መስመር ውስጥ ከገባ መድኃኒቱ ይዘቅጣል፣ ቱቦውም ሊደፈን ይችላል። ስለዚህ ከመርፌው በፊትም በኋላም መስመሩን በሳላይን ማጠብ ግዴታ ነው።

ትልቁ አደጋ ግን የመጠን መምታታት ነው፤ ይህን መድኃኒት የሚያስገባ ማንኛውም ተቋም አስቀድሞ መፍታት ያለበትም ይህንን ነው። ለሃርት አታክ የሚሰጠው መጠን ለስትሮክ ከሚሰጠው እጥፍ ነው፣ ከ30 እስከ 50 ሚሊግራም። ባለ 50 ሚሊግራሙ ብልቃጥ ለልብ ታስቦ የተሠራ በመሆኑ፣ በጥድፊያ ላይ ያለ ሰው ሙሉውን ስቦ ሊወጋ ይችላል። የከፍተኛ መጠን ውጤቱ ደግሞ በጥናት ታይቷል። በኖርዌይ የተካሄደው ኖር-ቴስት 2 በኪሎ 0.4 ሚሊግራም ሲሰጥ የአንጎል ደም መፍሰስ ስለበዛ ከጊዜው በፊት ቆመ፤ ምልክት ያሳየው መፍሰስ 6 በመቶ ሲደርስ በአልቴፕሌዝ በኩል 1 በመቶ ነበር። ባለ 25 ሚሊግራሙ ብልቃጥ ለስትሮክ ተብሎ የመጣ ነው፤ የሚገኝ ከሆነ በስትሮክ ሳጥን ውስጥ መቀመጥ ያለበት እሱ ብቻ ነው። የመድኃኒቶቹን ስም በምህጻረ ቃል መጻፍም መቅረት አለበት፤ ቲፒኤ (አልቴፕሌዝ) እና ቲኤንኬ (ቴኔክቴፕሌዝ) በቃልም በጽሑፍም ይምታታሉ።

ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ ነው? መሠረቱን የጣለው የአልቴፕሌዝ ጥናት የ1995ቱ ኒንድስ ነው፦ 624 ታካሚዎች፣ በ3 ሰዓት ውስጥ። የአካል ጉዳቱን በግልጽ ቀነሰ፤ ምልክት ያሳየ የአንጎል ደም መፍሰስ ግን ከ0.6 ወደ 6.4 በመቶ ከፍ አለ። በ2008 ኤካስ 3 የተባለው ጥናት መድኃኒቱ የሚሰጥበትን የጊዜ መስኮት እስከ 4 ሰዓት ተኩል አሰፋው። ቴኔክቴፕሌዝ የሚመዘነው ከዚህ ጋር ነው። በካናዳ የተካሄደውና በ2022 የታተመው አክት ወደ 1,600 ገደማ ታካሚዎችን አወዳደረ፦ ጥሩ ውጤት ላይ የደረሱት በቴኔክቴፕሌዝ 36.9፣ በአልቴፕሌዝ 34.8 በመቶ፤ ደም መፍሰስ 3.4 እና 3.2። እዚህ ላይ ጥናቱ የተነደፈው «አያንስም» የሚለውን ለማረጋገጥ እንደነበር መዘንጋት የለበትም። ማሻሻጫ ጽሑፎች ይህን «ይበልጣል» ብለው ሲያነቡት ስህተት ነው። የቻይናው ትሬስ 2ም በ2023 ተመሳሳይ ድምዳሜ ላይ ደረሰ።

ብልጫ የታየው ትልቅ የደም ሥር በተዘጋባቸው ሰዎች ላይ ነው። በ2018 የወጣው ኤክስቴንድ-አይኤ ቲኤንኬ፣ የረጋው ደም በካቴተር (በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ከመውጣቱ በፊት ደም ወደ አንጎል መመለሱን ሲያይ፣ በቴኔክቴፕሌዝ 22፣ በአልቴፕሌዝ 10 በመቶ አገኘ። 202 ሰዎች ብቻ ቢሆኑም ልዩነቱ ችላ የሚባል አይደለም። ከ4 ሰዓት ተኩል በኋላ ያለው ነገር ግን ገና አልጠራም። ታይምለስ የተባለው ጥናት ጥቅም አላገኘም፤ አብዛኞቹ ታካሚዎቹ የካቴተር ሕክምናም አግኝተው ነበር። ትሬስ 3 ደግሞ የካቴተር ሕክምና በማያገኙ ሰዎች ላይ ሞክሮ ጥሩ ውጤትን ከ24.2 ወደ 33.0 በመቶ ከፍ አደረገ፤ ደም መፍሰሱም ከ0.8 ወደ 3.0 ወጣ። ስለዚህ በዘገየ ሰዓት የሚሰጠው በምስል የተመረጠ ታካሚ ሲሆን ነው፣ ለሁሉም አይደለም።

መድኃኒቱ የማይቀይራቸው ነገሮች ብዙ ናቸው። ሲቲ ስካን ደም መፍሰስ አለመኖሩን ማሳየት አለበት። የደም ስኳር መለካት አለበት፤ ዝቅ ያለ ስኳር ስትሮክ መስሎ ይታያል። የደም ግፊቱ ከመርፌው በፊት ከ185/110 በታች፣ ከዚያ በኋላ ለ24 ሰዓት ከ180/105 በታች መቆየት አለበት። ልኬቱም ለ2 ሰዓት በየ15 ደቂቃ፣ ቀጥሎ ለ6 ሰዓት በየ30 ደቂቃ፣ ከዚያ በየሰዓቱ ነው። መርፌው በ5 ሰከንድ አለቀ ብሎ ይህን ክትትል ማላላት የተለመደ ስህተት ነው። ለግፊት ኤናላፕሪልና መሰሎቹን የሚወስዱ ሰዎች ምላስና ከንፈራቸው ሊያብጥ ስለሚችል አፋቸው መታየት አለበት። አስፕሪንም ቢሆን ሁለተኛው ሲቲ እስኪታይ ድረስ ለ24 ሰዓት ይቆያል።

በአንድ ነገር አልቴፕሌዝ ይሻላል። በመሃል ራስ ምታት፣ ማስመለስ ወይም የንቃት መቀነስ ሲመጣ ፓምፑን አጥፍቶ የቀረው መድኃኒት እንዳይገባ ማድረግ ይቻላል። ቴኔክቴፕሌዝ አንዴ ከገባ ገባ ነው። ስለዚህ ከመወጋቱ በፊት የደም ባንኩ ክራዮፕሬሲፒቴት (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ፕሮቲኖችን የያዘ የደም ተዋጽኦ) እንዳለው ማወቅ፣ ካልሆነም 1,000 ሚሊግራም ትራኔክሳሚክ አሲድ (የረጋ ደም እንዳይሟሟ የሚከላከል መድኃኒት) በእጅ መኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ምልክቱ ሲታይ ወዲያው ሲቲ ይነሳል፣ የፋይብሪኖጅን (ፋይብሪን የሚሠራበት ፕሮቲን) መጠን እንዲለካም ደም ለላቦራቶሪ ይላካል።