የቤተሰብ ማዕድ ለመቅረጽ የሐረሪ ቤት መከራየት

ለምስሉ ከ10 9፣ ለማዕዱ ከ10 5። ጁገል፣ በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ ውስጥ፣ ለቀረጻ የሚከራየው ይህ ነባር የሐረሪ ቤት የሚገባው ነጥብ ይኸው ነው።

9ኙ የመጣው ከነደባዎቹ፣ ማለትም ደረጃ በደረጃ ከፍ ብለው ከተሠሩት መቀመጫዎች ነው። የቤተሰብ ማዕድ የሚቀርጽ ዳይሬክተር ግማሽ ቀኑ የሚያልቀው ማን የት ይቀመጥ በማለት ነው፤ እዚህ አቀማመጡን ቤቱ ወስኖታል። አሚር ነደባ የክብር ቦታ ስለሆነ አባትየውን እዚያ አስቀምጡት። ልጁ ከጢት ነደባ፣ ከትንሹ ማለት ነው፣ ተነስቶ አባቱ ጎን ሲቀመጥ ቤቱ ውስጥ ምን እንደተለወጠ ያለ ንግግር ይገባል። ክፍሉ ጠባብ ነውና ከ28 ሚሜ የረዘመ ሌንስ ሁሉንም ባንድ ሾት አይዝላችሁም።

የነደባው ቀይ ቀለም ግን ያታልላል። ብርሃኑን ወደ ላይ እየመለሰ አገጭና አንገት ያቀላል። ዋይት ባላንሱን፣ የካሜራውን የቀለም ሚዛን፣ በእጅ ቆልፉ፤ ፍሬም ውስጥ የማይገባው ነደባ ላይ ነጭ አንሶላ ዘርጉ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሳህኖች መብራት ካንጸባረቁ ከጀርባቸው ጨርቅ ወትፎ ትንሽ ማዘንበል ይበቃል። ስፌቶቹ ምንም አያስቸግሩም።

ወደ ማዕዱ ስንመጣ፣ ምግቡ ይጣፍጣል፤ የተሳሳተው ቆጠራው ነው። ቤቱ የሚያዘጋጀው በበላተኛ ልክ እንጂ በቴክ፣ አንድ ሾት በሚደጋገምበት ጊዜ፣ ልክ አይደለም። ካሜራው ከ3 ቦታ ቢቀርጽ፣ ከየቦታው 4 ቴክ ቢወሰድ፣ ማዕዱ 12 ጊዜ እንደ አዲስ ይቀርባል። በየጊዜው 2 እንጀራ ቢቀየር 24 ሆነ። ይህን ከዋዜማው ቁጥር ጠቅሳችሁ ካልተዋዋላችሁ ለ4 ሰው የተጋገረ ነው የሚጠብቃችሁ። እንጀራው መብራት ሥር ጠርዙ ቶሎ ደርቆ ስለሚታጠፍ እርጥብ ጨርቅ አልብሱት፣ ካሜራው ሊነሳ ሲል ግለጡት። ከሁሉ የሚያስቸግረው ሁልበት መረቅ፣ የተመታ አብሽ የሚገባበት መረቅ ነው። የተመታው አብሽ አረፋው ከቆየ ይሰጥማል፤ ከሾት ሾት ሳህኑ አይመሳሰልም። ስለዚህ ካሜራው ቦታ በቀየረ ቁጥር እንደገና ይመታ። ተዋናይ ደግሞ በየቴኩ እየዋጠ 7ኛው ላይ ሲደርስ ፊቱ የጠገበ ሰው ፊት ነው፤ የመጀመሪያዋን ጉርሻ በቅርበት የምታሳየውን ሾት አስቀድሙ።

መኪና እስከ በሩ አይደርስም። ዕቃው በሰው ትከሻ ስለሚገባ ጄኔሬተሩን ትታችሁ በባትሪ የሚሠሩ ኤልኢዲዎች ያዙ። አዛኑ ከአንዱ መስጊድ ወደ ሌላው ስለሚቀባበል አንዱ ሲያበቃ ማይክ መክፈት አያዋጣም፤ የንግግር ሾቶችን ከሰላት ሰዓት አርቃችሁ መድቡ። ለሞኒተሩ ኪርታቷን ጠይቁ። የሙሽሮች ክፍል ስለነበረች ትንሽ ናት፣ ሁለት ሰው ግን ትይዛለች። ለትራይፖዱ እግር ወፍራም ምንጣፍ ይዛችሁ ሂዱ፤ የነደባው ቀለም ከተጫረ የሚታደሰው በእናንተ ሒሳብ ነው።