ሐሙስ ማታ ከአሊ ዳኢ ጋር፦ በኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ ያለው የኳስ ማሳያ ቤት

መግቢያው ከአንድ ስኒ የጀበና ቡና ጋር 50 ብር ነው። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ይህ ማሳያ ቤት ቅዳሜና እሑድ እንደ ሌሎቹ የዲኤስቲቪ ቤቶች የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ያሳያል። ሐሙስ ማታ ግን ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ለሁለት ሰዓት ያህል በተጫዋችነት ስም ያተረፈና ኋላ አሰልጣኝ የሆነ አንድ ሰው ይመረጥና የሙያ ጉዞው በቆዩ የጨዋታ ምስሎች እየታገዘ ይተረካል። ይህን መሰናዶ አራት ጊዜ ታድሜያለሁ። ስለ አራተኛው፣ ማለትም ኢራናዊው አሊ ዳኢ ስለቀረበበት ምሽት በዝርዝር መጻፍ የፈለግሁት ከሁሉም የላቀው እሱ ስለነበረ ነው፤ የአገልግሎቱ ጉድለትም ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የታየኝ በዚያው ምሽት ነው።

ለጉዳዩ ሩቅ ሰው እንዳልሆንሁ አስቀድሜ ልናገር። በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነኝ፤ ከሰዓት በኋላ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን አሠለጥናለሁ። ጉልበቴ ተጎድቶ መጫወት ባቆምሁ ጊዜ ኳስ የሚችል ሰው ማሠልጠንም ይችላል ብዬ አምን ነበር፤ እንዲያ አለመሆኑን የተረዳሁት ከልጆቹ ጋር ሁለት ዓመት ከደከምሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ወደዚህ ቤት የምሄደው ግብ ለማየት ሳይሆን፣ ከሜዳው ውስጥ ወጥቶ ከመስመሩ ዳር የቆመ ሰው ምን እንደሚገጥመው ለመስማት ነው።

ቤቱ ሰፊ አይደለም። በነጭ ቀለም በተቀባ ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር የሚታየው ምስል ጥራት አለው፤ አግዳሚ ወንበሮቹ በአምስት ረድፍ ተደርድረዋል። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ምሽቱን ሙሉ አንገቱን አቅንቶ ስለሚያይ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ይሻላል። ቡናው በግራ በኩል ባለው ጥግ ይፈላል፤ ዕጣኑ ሲበዛ ጢሱ በፕሮጀክተሩ ብርሃን ውስጥ እየተጥመለመለ ምስሉን ያደበዝዛል፣ ይህም በቀላሉ ሊታረም የሚችል ነገር ነው። ሐሙስ ማታ በቤቱ ውስጥ ጫት መቃም የተከለከለ መሆኑን ግን ከልብ አመሰግናለሁ፤ በከተማችን እንዲህ ያለ ክልከላ ገቢ እንደሚያሳጣ እያወቁ ባለቤቱ ስለጸኑበት ነው ተማሪዎቼን ይዤ ለመሄድ የደፈርሁት።

ባለቤቱ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ፣ በወጣትነታቸው ኳስ የተጫወቱ ሰው ናቸው፤ ሁሉም «ጋሼ» ይላቸዋል። ትረካውን የሚመሩት ራሳቸው ናቸው። በእጃቸው ጠመኔ፣ በጎናቸው የትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ አለ። አሊ ዳኢን ለምን እንደመረጡ ሲናገሩ የጀመሩት ከኳስ አልነበረም። በ1969 (ዓመቶቹን እሳቸው እንዳደረጉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) በሰሜን ምዕራብ ኢራን በአርዳቢል ከተማ የተወለደው ይህ ሰው የአካባቢው ቋንቋ አዘርባይጃንኛ መሆኑን፣ አገሩን በሙሉ ያስተባበረበት ቋንቋ ግን ፋርስኛ መሆኑን ነገሩን። ቤት ውስጥ በኦሮምኛ፣ በሥራ ቦታ በአማርኛ ለሚነጋገር የጅማ ታዳሚ ይህን ማስረዳት አላስፈለጋቸውም። ቀጥለውም ዳኢ በቴህራን በሻሪፍ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የብረታ ብረት ምህንድስና መማሩን ሲናገሩ ከኋላ የተቀመጡት የጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች ቤቱን በጭብጨባ አናወጡት። አንዱ ተነሥቶ፣ «ጋሼ፣ ትምህርቱን ሳያቋርጥ ነው የተጫወተው?» ብሎ ጠየቀ። ባለቤቱም፣ «አዎ ልጄ፣ ሁለቱንም ይዞ ነው የወጣው፤ አንተም ፈተናህን አትርሳ» አሉት።

የመጀመሪያው ምስል በ1996 የእስያ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ኢራን ከደቡብ ኮሪያ በዱባይ ያደረጉት ጨዋታ ነበር። ኮሪያ የመጀመሪያውን አጋማሽ 2 ለ 1 እየመራች አጠናቀቀች፤ ከዕረፍት መልስ ኮዳዳድ አዚዚ አቻ ሲያደርግ ዳኢ ብቻውን አራት ግብ አከለና ጨዋታው 6 ለ 2 አለቀ። ዳኢ በዚያ ውድድር ስምንት ግብ አስቆጥሮ የግብ አግቢዎች መሪ ሲሆን አገሩ ሦስተኛ ሆነች። ባለቤቱ አራቱን ግቦች ሁለት ሁለት ጊዜ አሳዩን፤ እኔ አንድ ጊዜ ይበቃ ነበር እላለሁ፣ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ምሽቱን ሁሉ ካየሁት በአእምሮዬ የቀረው የሜልበርኑ ጨዋታ አቀራረብ ነው። ኖቬምበር 29 ቀን 1997 አውስትራሊያ በሜዳዋ 2 ለ 0 እየመራች ነበር፤ በቴህራን 1 ለ 1 ተለያይተው ስለነበር ለኢራን ወደ ፈረንሳዩ የዓለም ዋንጫ ለመግባት የ2 ለ 2 ውጤት ይበቃት ነበር፤ የሁለቱ ጨዋታ ድምር እኩል ሲሆን ከሜዳው ውጪ ብዙ ግብ ያስቆጠረው ያልፍ ነበርና። ካሪም ባጌሪ አንዱን መለሰ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ኳሷ ዳኢ እግር ሥር ስትደርስ ባለቤቱ ምስሉን ቀጥ አደረጉትና መብራቱን አብርተው ወደ ሰሌዳው ሄዱ። አምስት ክብና አንድ ቀስት ሳሉ። «ይህ ሰው ግብ አዳኝ ነው፤ የት ይመታል?» አሉ። አንዱ ልጅ ወደ ግቡ አመለከተ፤ ሌላው ወደ ቀኝ መስመር። ከእኔ ጋር የመጣው የ14 ዓመቱ አማካያችን ግን ዝም ብሎ ቆየና በመጨረሻ፣ «በሁለቱ መሐል ለሚሮጠው» አለ፤ ጠመኔውን ተቀብሎ በሁለት ክቦች መካከል ቀስት አሰመረ። መብራቱ ጠፍቶ ምስሉ ሲቀጥል ዳኢ ኳሷን በዚያው ክፍተት ሰነጠቃት፣ አዚዚም ብቻውን ሮጦ ግብ ጠባቂውን አልፎ አስቆጠረ። የልጁን ፊት ያየ ሰው ስለ ቤቱ ሌላ ምስክር አያሻውም። እኔ በሰሌዳ ላይ ለሦስት ወር ላስረዳው ስሞክር የኖርሁትን ነገር በአንድ የቆመ ምስል ገባው።

የጀርመኑን ዘመን ቤቱ በፍጥነትና በልኩ አለፈው። ዳኢ በ1997 አርሚኒያ ቢሌፌልድ፣ በቀጣዩ ዓመት ባየርን ሙኒክ፣ ከዚያም ሄርታ በርሊን ገባ፤ በባየርን የቡንደስሊጋ ዋንጫ ቢያገኝም ብዙ ጊዜ ከተቀያሪ ወንበር ነበር የሚነሣው። በሴፕቴምበር 1999 ግን ሄርታ በሻምፒዮንስ ሊግ ቼልሲን በበርሊን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ሁለቱንም ግብ ያስቆጠረው እሱ ነው። ለብሔራዊ ቡድኑ በ149 ጨዋታ እንዳስቆጠራቸው ተመዝግበውለት የነበሩት 109 ግቦች በወንዶች እግር ኳስ ለረጅም ዘመን ክብረ ወሰን ሆነው ቆይተው በሴፕቴምበር 2021 ክርስቲያኖ ሮናልዶ አለፋቸው። ይህን ሁሉም ታዳሚ ያውቀው ስለነበር ባለቤቱ አላስረዘሙትም። ከሃንጋሪያዊው አጥቂ ፑሽካሽ 84 ግብ በላይ የተሻገረበትን የ2003ቱን የሊባኖስ ጨዋታ ጠቅሰው፣ በ2006 የዓለም ዋንጫ በ37 ዓመቱ አምበል ሆኖ መሰለፉ በአገሩ የነቀፋ ምክንያት እንደነበር ተናግረው ወደ ሁለተኛው ክፍል ተሻገሩ። ሰዓቱ ያን ጊዜ 2 ሆኖ ነበር። ለአሰልጣኝነቱ የቀረው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው።

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። መሰናዶው ራሱን የሚያስተዋውቀው «ከተጫዋችነት ወደ አሰልጣኝነት» በሚል ርዕስ ሆኖ ሳለ ሦስት እጁ ለተጫዋችነቱ ዋለ። ከአሊ ዳኢ ታሪክ ደግሞ ይበልጥ የሚመረመረው ሁለተኛው ክፍል ነው። በ2006 የመኪና አምራቹ ኩባንያ ክለብ በሆነው በሳይፓ እየተጫወተ ሳለ አሰልጣኙ ሲለቅ ቡድኑን ተረክቦ ተጫዋችም አሰልጣኝም ሆነ፤ በዚያው የውድድር ዘመን የኢራን ሊግ ዋንጫን አነሣና በሜይ 2007 ጫማውን ሰቀለ። ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ፣ በማርች 2008፣ የብሔራዊ ቡድኑ ዋና አሰልጣኝ ተደርጎ ተሾመ። የክለብ አሰልጣኝ ሆኖ የአንድ ሙሉ ወቅት ልምድ ብቻ ላለው ሰው አገሩ ወደ ዓለም ዋንጫ የምታደርገውን ጉዞ ማስረከብ ምን ማለት እንደነበር ባለቤቱ በሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ አለፉት።

እኔ ግን እዚህ ላይ መቆም ነበረብን እላለሁ። በሳይፓ ዳኢ ልምምዱንም ጨዋታውንም ከልጆቹ ጋር አብሮ ስለሚያሳልፍ የተሳሳተውን ተጫዋች እዚያው ሜዳ ውስጥ በእጁ ይዞ ሊያርመው ይችል ነበር። ብሔራዊ ቡድን ላይ አሰልጣኙ ተጫዋቾቹን የሚያገኛቸው ለጥቂት ቀናት ነው፤ ጨዋታው ሲጀመር ያለው መሣሪያ ድምፁና ሦስት ተቀያሪ ብቻ ነበር። ማርች 28 ቀን 2009 በቴህራን አዛዲ ስታዲየም ኢራን ሳዑዲ ዓረቢያን 1 ለ 0 ስትመራ ቆይታ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሁለት ግብ ተቆጥሮባት 2 ለ 1 ተሸነፈች፤ ዳኢም ወዲያው ተሰናበተ። ኢራን ለ2010 የዓለም ዋንጫ ሳታልፍ ቀረች። አንድ አጥቂ በዚያች ሰዓት ተጨማሪ ግብ ፍለጋ መሮጥ ይችላል፤ አሰልጣኝ ግን ሌሎች እንዲሮጡ፣ ወይም እንዳይሮጡ፣ የሚነግርበት ጊዜ አልፎበት ሊያገኘው ይችላል። ባለፈው ዓመት በቀበሌ ውድድር ልጆቼ መሪ ሆነው ሳለ በመጨረሻው ደቂቃ ሲሸነፉ እኔም ያደረግሁት ከመስመሩ ዳር መጮህ ብቻ ነበርና፣ ስለዚያ ምሽት የበለጠ መስማት እፈልግ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውም የሚናቅ አይደለም። በቴህራኑ ክለብ በፐርሴፖሊስ በ2010ና በ2011 በተከታታይ የኢራን ጥሎ ማለፍ የሆነውን የሀዝፊ ዋንጫ አገኘ፤ በሁለተኛው ቆይታው በ2013/14 ቡድኑን በሊጉ ሁለተኛ አደረገ። በ2017 የገንዘብ ችግር ባልተለየው ናፍት ቴህራን ሦስተኛውን ሀዝፊ አነሣ። ደመወዝ የሚዘገይባቸውን ተጫዋቾች ይዞ ዋንጫ ያገኘ አሰልጣኝ፣ ለእኔ፣ በሊግ ዋንጫው ካየሁት አሰልጣኝ ይበልጣል። በሰሌዳው ላይ ግን ስለዚህ የተጻፈው ዓመቱና የክለቡ ስም ብቻ ነበር።

አንድ ታዳሚ በእኛ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ባነሣበት ዘመን የነበረውን ደስታ አስታውሶ የእኛዎቹም ተጫዋች አሰልጣኞች እንዲቀርቡ ጠየቀ፤ ሌላው በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ካነሣው ቡድን ውስጥ የነበረውንና ኋላ ብሔራዊ ቡድኑን ያሠለጠነውን መንግሥቱ ወርቁን ስም አነሣ። ባለቤቱ ምስሉን ለማግኘት መቸገራቸውን ገልጸው በትረካና በፎቶ ብቻም ቢሆን እንደሚሞክሩት ቃል ገቡ። ይህን በጉጉት እጠብቃለሁ።

2 ሰዓት ከሩብ ሲሆን መብራት ጠፋ። ቤቱ ጄኔሬተር የለውም፤ ይህ በተደጋጋሚ የሚያጋጥም ችግር ሆኖ ሳለ ለፕሮጀክተሩ እንኳ የሚበቃ አነስተኛ ባትሪ አለመዘጋጀቱ ለሚከፈለው 50 ብር የማይመጥን ነው። አብዛኛው ሰው ጥቂት ጠብቆ ወጣ፤ ገንዘብ ይመለስልኝ ያለ አልነበረም፣ ባለቤቱ ግን በር ላይ ቆመው ለእያንዳንዱ «የሚቀጥለው ሐሙስ ያለ ክፍያ ግቡ» ይሉ ነበር። እኛ ሦስት ጎልማሶችና ሁለት ልጆች ቀረን። ሦስተኛው ቡና ሊቀዳ ሲል በከሰሉ ፍም ብርሃን ዙሪያ ተሰብስበን ባለቤቱ ስልካቸውን ጀበናው አጠገብ በረከቦቱ ላይ አቆሙትና የአዛዲውን ጨዋታ የመጨረሻ ደቂቃዎች ከፈቱልን። ድምፁ አይሰማም ነበር። አማካያችን አንድ ጊዜ ብቻ ጣቱን አንሥቶ፣ «ጋሼ፣ እስቲ እዚህ ጋ አቁሙት» አለ። ከሜዳው ዳር የቆመው ዳኢ በእጁ ወደ ኋላ ተመለሱ እያለ ያመለክታል፤ ወደ እሱ የሚመለከት ተጫዋች ግን በምስሉ ውስጥ አልነበረም።