ለጥላ ቦታ ዝንጉርጉር ቅጠል፦ ሆስታ፣ ፒስ ሊሊ ወይስ ስፓይደር ፕላንት?

ትልቅ ማንጎ ወይም አቮካዶ ያለበት የሐዋሳ ግቢ ሁሉ አንድ ችግር ይጋራል። ከዛፉ ሥር ሣር አይይዝም። ጽጌረዳ ቢተከል ይቀጥናል እንጂ አያብብም። ቦታው በበጋ አቧራ፣ በዝናብ ጭቃ ሆኖ ይቀራል። ለእንዲህ ያለ ቦታ ከአበባ ይልቅ ቅጠል ያዋጣል። በተለይ ነጭ ወይም ቢጫ የገባበት ዝንጉርጉር ቅጠል ጨለም ያለውን ጥግ ያደምቀዋል፤ አንዴ ከያዘም ለዓመታት ይቆያል።

ሰሞኑን ብዙ ሰው የሚያነሳው ሆስታን ነው። በየዓመቱ አዲስ ዝንጉርጉር ዝርያ ይወጣል፣ ፎቶው በቴሌግራምና በፌስቡክ ይዞራል፣ ልብ ይሰርቃል። «ዘሩን ላስመጣ ወይ?» የሚለው ጥያቄም አብሮ ይመጣል። ለዚህ ነው ሆስታን ለእኛ አየር ከሚስማሙ ሁለት ተክሎች ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ የፈለግኩት፤ ከዝንጉርጉሩ ፒስ ሊሊና ከስፓይደር ፕላንት ጋር።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንያዝ። የቅጠሉ ነጭ ክፍል ክሎሮፊል (ምግብ የሚሠራው አረንጓዴ ቀለም) የለውም፣ ምግብ አይሠራም። አረንጓዴው ነው ለራሱም ለነጩም የሚሠራው። ስለዚህ ነጭ የበዛበት ተክል እድገቱ ዘገምተኛ ነው፣ ብርሃንም የበለጠ ይፈልጋል። ድቅድቅ ጥላ ውስጥ በጣም ነጩን መትከል ተክሉን ማስራብ ነው። ችግኝ ቤት ስትገቡ ግን ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የተክሉን ሳይሆን የቦታችሁን ብርሃን አስቡ።

ወደ ሆስታ እንሂድ። አገሩ ጃፓን፣ ኮሪያና ቻይና ነው። ቅጠሉ ሰፊ ነው፣ ደም ሥሩ ጎልቶ ይታያል፣ ቀለሙም ወደ ሰማያዊ ከሚያደላ አረንጓዴ እስከ ወርቃማ ይደርሳል። ብርድ ባለበት አገር ለጥላ ከዚህ የተሻለ ተክል ማግኘት ከባድ ነው። አዳዲሶቹ ዝርያዎች ብዙ ጊዜ የሚገኙት ነባር ተክል ላይ አንድ ቡቃያ በድንገት ቀለሙን ሲቀይር ነው። ጠርዙ ነጭ የሆነው «ፓትሪዮት» ከ«ፍራንሲ» የተገኘው እንዲህ ነው፤ በ1997 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የዓመቱ ሆስታ ተብሎ ተመርጧል። ከ«ፓትሪዮት» ደግሞ «ፋየር ኤንድ አይስ» ወጣ። ቀለሙ ተገለበጠና ነጩ መሃል፣ አረንጓዴው ጠርዝ ሆነ።

ችግሩ ሆስታ መተኛት አለበት። ቅጠሉን ጥሎ ለሳምንታት ብርድ ውስጥ ካላረፈ በሚቀጥለው ዓመት ጉልበት የለውም። ሙቀቱ ወደ 5 ዲግሪና ከዚያም በታች ወርዶ መሰንበት ይኖርበታል። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የታኅሣሥ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ረፋዱ ላይ ግን ፀሐዩ ጃኬት ያስወልቃል። እንቅልፍ ያጣ ሆስታ ሲመጣ ያምራል፣ ከዚያ የሚያወጣው ቅጠል እያነሰ ይሄዳል፣ በመጨረሻም ይመነምናል። ሞቃት አገር ያሉ አፍቃሪዎቹ ሥሩን ነቅለው ፍሪጅ ውስጥ ያስተኙታል። ጊዜው ላለው ሰው፣ ለአንድ ማሰሮ፣ ይሁን። የዛፍ ሥር ለመሸፈን ግን አይሆንም።

የዘሩ ነገር ደግሞ ይብሳል። ጠርዙ ነጭ ከሆነ ሆስታ የተለቀመ ዘር ነጩን ይዞ አይወጣም፤ የሚበቅለው ድፍን ቅጠል ነው። ዝንጉርጉሩ የሚቀጥለው ሥሩ ሲከፈል ወይም በላብራቶሪ ከተክሉ ትንሽ ቁራጭ (ከቲሹ) ሲባዛ ብቻ ነው። ስለዚህ «ዝንጉርጉር የሆስታ ዘር» ተብሎ ኦንላይን በሚሸጥ ነገር ላይ ብራችሁን አታውጡ። ቀይ፣ ሰማያዊና ወይን ጠጅ የተደረደረበት የሆስታ ፎቶ ካያችሁ ደግሞ ፎቶው በኮምፒውተር የተቀባ ነው። እንዲህ ያለ ሆስታ የለም።

ፒስ ሊሊ ሌላ ታሪክ ነው። አረንጓዴውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በየሆቴሉ መግቢያ የሚቀመጠው ባለ ነጭ አበባ ተክል ነው። አገሩ ሞቃታማው የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ ክፍል ስለሆነ ብርድ አይጠይቅም። ዝንጉርጉሩ «ዶሚኖ» ይባላል። ቅጠሉን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ነጩ መስመር ሠርቶ አይሄድም፣ በብሩሽ የተረጨ ቀለም ይመስላል። አንዱ ቅጠል ግማሹ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ቀጣዩ ላይ ጥቂት ጠብታ ብቻ ይታያል። ነጩ ባለበት በኩል የቅጠሉ ገጽ በትንሹ ጎርበጥ ይላል፣ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። በውበት ከሦስቱ የምመርጠው እሱን ነው።

ቦታው ግን በረንዳ ነው። ቀጥታ ፀሐይ የማይነካው፣ ብርሃን ግን የሚያገኝ በረንዳ። ማንጎ ሥር መሬት ላይ ብትተክሉት የዛፉ ሥር ውሃውን ይሻማዋል፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ይጎዳል። ሲጠማው ይናገራል፦ ቅጠሉ በሙሉ ወደ ታች ይጎነበሳል። ሲጠጣ በሰዓታት ውስጥ ቀና ይላል። ይህን ያየ ሰው ደንግጦ ጠዋት ማታ ማጠጣት ይጀምራል፣ ተክሉን የሚገድለውም እሱ ነው። ሥሩ ይበሰብሳል። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ፤ ላዩ ሲደርቅ ብቻ አጠጡ።

ደግሞ ሁሉን አፉ ውስጥ የሚከት ሕፃን ወይም ቅጠል የሚያኝክ ድመት ካለ ዶሚኖን ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡ። ቅጠሉ ውስጥ መርፌ መሳይ የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች አሉ። ሲታኘክ አፍን ያቃጥላል፣ ያሳብጣል።

ስፓይደር ፕላንት፣ ቅጠሉ እንደ ሣር ረጅምና ቀጭን የሆነው፣ ይህ ስጋት የለበትም። ለልጅም ለድመትም ለውሻም መርዛማ አይደለም። የአፍሪካ ተክልም ነው። ሥሩን አውጥታችሁ ብታዩት ነጭና ወፍራም፣ ውሃ የቋጠረ ነው፤ በጋውን የሚችለው በዚህ ነው። የሐዋሳ ፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) የበዛበት አሸዋማ አፈር ውሃ ቶሎ ያሳልፋል፣ ለብዙ ተክል ይህ ጣጣ ሲሆን ለእሱ ግን ይመቸዋል።

ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። «ቪታተም» የሚባለው መሃሉ ነጭ፣ ዳርና ዳሩ አረንጓዴ ነው። «ቫሪጌተም» ተቃራኒው ነው፤ መሃሉ አረንጓዴ፣ ጠርዙ ቀጭን ነጭ። ሻጮች ሁለቱን በአንድ ስም ስለሚጠሩ ለይታችሁ ጠይቁ። ለድቅድቅ ጥላ አረንጓዴው የሚበዛበትን «ቫሪጌተም» እመርጣለሁ። ብርሃን በቅጠል መሃል የሚያሾልክ ዛፍ ሥር «ቪታተም» ይበልጥ ያበራል።

አንድ ድክመት አለው፣ እሱም እኛን በቀጥታ ይነካናል። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ስፓይደር ፕላንት ደግሞ ፍሎራይድ አይወድም። የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። ብዙ ሰው ውሃ ያነሰው መስሎት ያንኑ ውሃ ይጨምርለታል፣ ይብስበታል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከቆርቆሮው የሚወርደውን የዝናብ ውሃ በበርሜል ያዙና በእሱ አጠጡ። የደረቀው ጫፍ አይመለስም፣ አዲሱ ቅጠል ግን ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ፒስ ሊሊም በዝናብ ውሃ ደስ ይለዋል።

ቅጠሉ እንደ ሰይፍ የቆመው፣ ጠርዙ ቢጫ የሆነው ሳንሴቬሪያና ኮሊየስም ከዚሁ ጋር ይነሳሉ። ሳንሴቬሪያን አንድ ቅጠል ቆርጦ የሚሰጣችሁ ሰው ካለ፣ ከቅጠሉ የሚበቅለው ቢጫውን አይዝም፣ አረንጓዴ ብቻ ነው። ሥሩ የተከፈለውን ውሰዱ። ኮሊየስ የወላይታ ድንች ዘመድ ነው፣ ቀለሙም ከሁሉም ይደምቃል። ግን ቶሎ ይረዝምና ያረጃል፤ በየጊዜው ቅርንጫፉን ቆርጦ እንደገና መትከል ይጠይቃል።

እንግዲህ ምርጫው በቦታው ይወሰናል። ለዛፍ ሥር ስፓይደር ፕላንት፤ እዚህ ላይ አላመነታም። ብርሃን ላለው በረንዳ፣ ሕፃን ለማይደርስበት፣ ዶሚኖ። ሆስታን ብርዳማ ደጋ ላይ ላለ ሰው እተዋለሁ።

ስትገዙ የውጪውን ቅጠል ሳይሆን መሃሉን እዩ። አዲስ የሚወጣው ቅጠል ዝንጉርጉር ነው ወይስ ድፍን አረንጓዴ? ድፍን አረንጓዴ ቡቃያ ከገባበት ጉልበቱ ስለሚበልጥ ዝንጉርጉሩን ይውጠዋል። እንዲህ ያለውን ቡቃያ ቤት ካገኛችሁትም ከሥሩ ለይታችሁ አውጡት። ሻጯንም «እህቴ፣ እስቲ ላስቲኩን ከፍ አድርጊልኝ» በሏት። ከታች ሥሩ ነጭ ሆኖ ከታየ ጤነኛ ነው። ቡናማ ሆኖ ከለሰለሰና ከሸተተ ተዉት።

ስፓይደር ፕላንትን ብዙ መግዛት አያስፈልግም። ጥቂት እናት ተክሎች ውሰዱና የበልጉ ዝናብ አፈሩን ሲያርሰው ወይም ሰኔ ሲገባ ትከሉ። ረጅም ዘንግ አውጥተው ጫፉ ላይ ልጆች ያንጠለጥላሉ። ልጆቹን ባዶው አፈር ላይ አጋድሟቸው፣ በትንሽ ድንጋይ ጫን አድርጓቸው። ሥር ሲሰዱ ከእናታቸው የሚያገናኘውን ዘንግ ቁረጡ። ዝንጉርጉሩን እንደያዙ ያድጋሉ።