ጃማይካ ከአራት ልጆች ጋር፤ ሁሉን ያካተተው ሆቴል ያላካተተው

በመጋቢት 2024 የሜሪላንድ ትምህርት ቤቶች ለጸደይ ዕረፍት በተዘጉበት ሳምንት እኔና ባለቤቴ አራት ልጆቻችንን ይዘን ጃማይካ ሄድን። ያረፍነው ከሞንቴጎ ቤይ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ፣ ምግቡም መጠጡም መዝናኛውም በአንድ ክፍያ በሚጠቃለልበት፣ በተለምዶ «ኦል ኢንክሉሲቭ» በሚባለው ዓይነት ሆቴል ሲሆን ስድስት ሌሊት አድረንበታል። ልጆቻችን የ4፣ የ7፣ የ13 እና የ16 ዓመት ናቸው። ከመሄዳችን በፊት ያነበብናቸው አስተያየቶች ወይ በሕፃናት ወላጆች ወይ ጫጉላ ሽርሽር ላይ በነበሩ ጥንዶች የተጻፉ ስለነበሩ ብዙም አልበጁንም፤ ስለዚህ ይህን የምጽፈው ዕድሜያቸው እንዲህ የተራራቀ ልጆች ላሏቸው ወላጆች ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ሆቴሉ ለሁለቱ ትንንሾች የተከፈለውን ያህል ሰጥቷል፤ ከሁለቱ ትልልቆች ግን የአዋቂ ዋጋ ተቀብሎ የሕፃን አገልግሎት ነው ያቀረበላቸው።

ሆቴሉ እስከ 12 ዓመት ያለውን ልጅ በልጅ ዋጋ ሲያስተናግድ 13 የሞላውን እንደ ሙሉ ሰው ይቆጥራል። አሠራሩ በብዙ የካሪቢያን ሆቴሎች የተለመደ ነው፤ ሆኖም የአዋቂው ክፍያ ከሚንርባቸው ምክንያቶች አንዱ ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት ያለ ገደብ የሚቀዳው አልኮል ነው፣ በጃማይካ ደግሞ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል አይሸጥም። እኔና ባለቤቴም ዐቢይ ጾም ላይ ስለነበርን አንዲት ብርጭቆ አልቀመስንም። ባጭሩ የአራት አዋቂ ሒሳብ ከፍለን የማንጎ ጭማቂ ስንጠጣ ሰነበትን። ቤተሰቡ የማይጠጣ ከሆነ፣ ማዕድ ቤት ያለው አፓርታማ ተከራይቶ ምግብን ለብቻ መክፈል ስንት እንደሚያወጣ ሳያሰላ እንዲህ ያለ ሆቴል የሚይዝ ሰው ገንዘቡን ለማያውቀው ጠጪ እየለገሰ ነው።

ስድስት ሰው በአንድ ክፍል ስለማይፈቀድ፣ በውስጥ በር የሚገናኙ ሁለት ክፍሎች ጠይቀን ነበር፤ ማረጋገጫው ላይም ጥያቄያችን ሰፍሯል። ከሥሩ ግን በደቃቅ ፊደል «እንደ ክፍሎቹ ሁኔታ» የሚል ሐረግ ነበረበትና ስንደርስ አንደኛው ክፍል ሁለተኛ ፎቅ፣ ሌላኛው አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ አገኘነው። ባለቤቴ ከትልልቆቹ ጋር፣ እኔ ከትንንሾቹ ጋር ሆነን ሁለት ሌሊት ተለያይተን አደርን። የእንግዳ መቀበያው ሠራተኞች እጅግ ትሑቶች ነበሩ፤ ትሕትናቸው ግን በር አልሆነንም፣ የሚገናኙት ክፍሎች የተለቀቁት በሦስተኛው ቀን ነው። እኔ ዳግመኛ ብይዝ ከመጀመሪያው በአንድ የውጭ በር የሚገባበት፣ ሁለት መኝታ ቤት ያለው ክፍል እመርጣለሁ፤ ዋጋው ከፍ ቢልም ቃሉ በሰው ችሮታ ላይ አልተንጠለጠለም።

የባሕሩ ዳርቻ ላይ የማነሣው ቅሬታ የለኝም። ማዕበሉን የሚሰብር የድንጋይ ክምር ከፊት ለፊቱ ስላለ ውኃው እንደ ገንዳ የረጋ ነው፤ ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ውስጥ ተገብቶም ከአዋቂ ጉልበት አያልፍም። የልጆቹ ማቆያ ከ4 እስከ 12 ዓመት ያሉትን ይቀበላል፤ ትንሿ ልጄ በመጀመሪያው ቀን እግሬን ይዛ ስታለቅስ ቆይታ በሦስተኛው ቀን፣ በባልዲ ያስቀመጠችውን ሸርጣን ሳትሰናበት አልሄድም ብላ ያስቸገረችን እዚያ ነው። የሠራሁት ስሕተት የራሴ ነው፦ ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚለውን የቤታችንን አባባል አምኜ ክሬም ሳልቀባው የለቀቅሁት የሰባት ዓመቱ ልጄ ትከሻው በሁለተኛው ቀን ተላጠ፤ ከዚያ በኋላ እጅጌ ያለው የመዋኛ ሸሚዝ ገዝተን አለበስነው።

ለታዳጊዎች የተዘጋጀው ክፍል ግን ከበሩ ላይ ካለው ማስታወቂያ በቀር ለማንም የተዘጋጀ አይመስልም። ኳስ የሌለው የጠረጴዛ ቴኒስ፣ ከሁለት የጨዋታ መሣሪያዎች የሚሠራው አንዱ ብቻ የሆነ ስክሪን፣ ግድግዳውን ተደግፈው ስልካቸውን የሚያዩ ሦስት ሌሎች ልጆች፤ ይኸው ነው። የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጄ ለሕፃናቱ ማቆያ አንድ ዓመት አልፏታል፣ ለምሽቱ ሙዚቃ አምስት ዓመት ይጎድላታል። ወንድሟ በክፍያው ውስጥ የተካተተችውን አነስተኛ የመቅዘፊያ ጀልባ ሁለት ቀን ተደሰተባትና በሦስተኛው ቀን «እማ፣ ከዚህ አጥር ውጭ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ሳምንቱን አዳነልን።

ወደ ውጭ ከመውጣታችን በፊት ስለ ምግቡ ልናገር፤ ለጾመኛ ሰው ዋናው ጉዳይ እርሱ ነውና። የጸደይ ዕረፍት በአብዛኛው ከዐቢይ ጾም ጋር ስለሚገጣጠም ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በቡፌው ላይ ጎልቶ የሚታየው እንቁላል፣ አይብና ቅቤ ነው። ሆኖም «ቪጋን» የምትለዋን ቃል ለምግብ አብሳዮቹ በነገርናቸው ማግሥት፣ እንግዶች እምብዛም የማይጠጉትን ማዕዘን አሳዩን፦ ካላሉ የሚባለው የአልማ ዘር ቅጠል በሽንኩርትና በቲማቲም ተሠርቶ ለዓይንም ለአፍም ጎመናችንን ይመስላል፤ ሩዙ ከቀይ ባቄላ ጋር በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ነው፤ ባሚ የሚባለው የካሳቫ ቂጣ አለ፤ የተጠበሰ ፕላንቴን የሚባል የሙዝ ዓይነትም አይጠፋም። ካላሉው በዘይት ይሁን በቅቤ የተሠራ መጠየቅ ያስፈልጋል። የአገሩ ስመ ጥር ምግብ አኪ የተባለው ፍሬ ከደረቀ ጨዋማ ዓሣ ጋር የሚሠራው ነው፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በቤታችን ከተነሣ ስለማይበርድ እርሱን ለፋሲካ ትተነዋል።

ከሆቴሉ ውጭ ያገኘነው የራስታዎች ምግብ ቤት ግን ከቡፌው ሁሉ በለጠብን። ኢታል ይሉታል፤ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አይገባበትም፣ ብዙዎቹም ጨው አይጨምሩበትም። ዱባ፣ አተርና ድንች በኮኮናት ወተት ተንተክትኮ፣ ከተላጠ ቅል በተሠራ ጎድጓዳ ሳሕን ቀረበልን። ባለቤቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨው ለመነ፤ የምግብ ቤቱ ባለቤት ሳቀችና ከደጃፍ ያለውን ሱቅ አሳየችው። የአሥራ ስድስት ዓመቱ ልጄ ደግሞ ጾሙን አስታውሼው «ነገ እጀምራለሁ» ብሎኝ፣ በፒሜንቶ እንጨት ጢስ የበሰለውን ጀርክ ዶሮ ከመንገድ ዳር ገዛ፤ ሚጥሚጣ እንደ ውኃ እጠጣለሁ ይል የነበረው ልጅ ስኮች ቦኔት በሚባለው በርበሬ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ተመለሰ።

በአጠቃላይ ሦስት ጊዜ ከአጥር ውጭ ወጣን። የመጀመሪያው ከሞንቴጎ ቤይ በስተምሥራቅ በመኪና ግማሽ ሰዓት ገደማ በምትርቀው በፋልመዝ አጠገብ የሚወርደው የማርታ ብሬ ወንዝ ነው። ዘጠኝ ሜትር ገደማ በሚረዝሙ የቀርከሃ ታንኳዎች ላይ ተቀምጠን፣ ቀዛፊዎቹ በረጅም ዘንግ እየገፉ፣ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ወረድን። አንድ ታንኳ ሁለት አዋቂ ስለሚይዝ ለስድስት ሰው ሦስት ተከራየን። ቀዛፊው ዘንጉን ለትልቁ ልጄ ሲሰጠው፣ በአራት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩ ከኪሱ ሳይወጣ አንድ ሰዓት አለፈ።

ሁለተኛው እዚያው ፋልመዝ የሚገኘው ሉሚነስ ላጉን ነው። የማርታ ብሬ ወንዝ ከባሕሩ ጋር በሚገናኝበት በዚህ ውኃ ውስጥ፣ ሲነኩ ብርሃን የሚሰጡ በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት ይኖራሉ። ብርሃኑ የሚታየው በጨለማ ነው፤ እኛ ደግሞ ቀኑን ስንይዝ ጨረቃን አልጠየቅናትም ነበርና ሳምንቱ ጨረቃ የሞላችበት ሆኖ ተገኘ። ያዳነን የሾፌራችን ምክር ነው። ጨረቃ ከሞላች በኋላ በየምሽቱ አንድ ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ እየዘገየች ስለምትወጣ፣ ሦስት ቀን ቆይታችሁ ልክ እንደጨለመ በሚነሣው የመጀመሪያ ጀልባ ሂዱ አለን። እንዳለው አደረግን። ጀልባው ሲቆም መብራቱን አጠፉ፤ ትልልቆቹ የመንሳፈፊያ ጃኬት ለብሰው ሲዘሉ ውኃው በሰማያዊ ብርሃን ተቀደደ፣ ክንዳቸውን ሲያንቀሳቅሱ ጣቶቻቸው ተለይተው ይቆጠሩ ነበር። ትንሿ ከጀልባው ጫፍ ሆና እጇን ነክራ «እማዬ፣ እጄ በራ!» አለች፤ ደጋግማም ለማየት እስኪበርዳት ድረስ ነከረችው። ከአራት ዓመት እስከ አርባ አምስት ዓመት ያለነው ስድስታችንም እኩል የተደሰትንበት ብቸኛ ሰዓት ይህ ነው። ቀን የምትመርጡ ሰዎች ከአውሮፕላን ቲኬቱ በፊት የጨረቃዋን ቀን ቁጠሩ።

ሦስተኛው በኦቾ ሪዮስ የሚገኘው ደንስ ሪቨር ፏፏቴ ሲሆን፣ ከሞንቴጎ ቤይ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ከፍታው 55 ሜትር ገደማ የሆነውን ዐለት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው በውኃው ውስጥ ይወጡታል። ለአሥራ ሦስት ዓመቷ ድንቅ ነበር፤ ለሰባት ዓመቱ ግማሹ በቃው፤ ትንሿ ከአባቷ ጋር በጎን ባለው ደረጃ ወጣች። የመርከብ ተጓዦች በሚደርሱበት ቀን ከሄዳችሁ የምታዩት የሰው ጀርባ ብቻ ነው።

ስለ ሾፌራችን አንድ ነገር ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም። ከኢትዮጵያ መሆናችንን ሲሰማ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1966፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ ኪንግስተን የገቡበትን ቀን ከእኔ በተሻለ ነገረኝ። በመኪናው የፊት መስታወት ላይ ዘውድ የደፋ አንበሳ የተሣለበት ጽሑፍ ተለጥፎ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ተማሪ ስንላት የምታለቃቅሰው የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጄ ከኋላ ወንበር ተንጠራርታ፣ ፊደል በፊደል እየለቀመች «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ብላ አነበበች። ሾፌሩ ትርጉሙን ያውቃል፤ ሲነበብ ግን ሰምቶት አያውቅም ነበር። መኪናውን ዳር አስይዞ ሦስት ጊዜ አስደገማት፣ እየተከተላትም አለው። ስንለያይ የልጁን ስም በነዳጅ ደረሰኝ ጀርባ ላይ በፊደል ጻፈችለት።

መኪና ለምትፈልጉ፣ ሕጋዊ ፈቃድ ያላቸው ታክሲዎች ቀይ ሰሌዳ አላቸው፤ ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ተስማሙ፣ የሕፃን መቀመጫም ከቤት ያዙ። እንግዳ ራሱ እንዳይነዳ የምመክረው መንገዱ በግራ ስለሆነና በኮረብታው ላይ ጠባብ ስለሆነ ነው። ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚሰጠው የአሜሪካ ፓስፖርት የሚያገለግለው ለአምስት ዓመት ብቻ በመሆኑ ቀኑን አስቀድማችሁ ተመልከቱ፤ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ አያት ካለ ደግሞ የቪዛውን ጉዳይ ለጃማይካ ቆንስላ ጠይቁ።

የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ከእኛ ጉዞ በኋላ በጥቅምት 2025 መጨረሻ፣ አምስተኛ ደረጃ የነበረው ሜሊሳ የተባለው አውሎ ነፋስ በደቡብ ምዕራብ በኩል ገብቶ የደሴቲቱን ምዕራብ ክፉኛ ጎድቷል። ስለዚህ ሞንቴጎ ቤይን ወይም ኔግሪልን የምታስቡ ሰዎች፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሆቴሉ የትኛው ገንዳ፣ የትኛው ምግብ ቤትና የትኛው የልጆች ክፍል እየሠራ እንደሆነ በጽሑፍ እንዲመልስላችሁ ጠይቁ፤ የታዳጊዎቹን ክፍል ስትጠይቁም የቴኒሱን ኳስ አትርሱ።