ተንቀሳቃሽ ባትሪ ማስነሻ፦ ለራሳችሁም ለማታውቁት ሰውም ግዙት

ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። መኪና ያለው ሰው ሁሉ ይህን ዕቃ መያዝ አለበት። ቁልፉን ስታዞሩ ሞተሩ ቀጭ ቀጭ ብሎ ዝም ሲል፣ ሁለቱን መቆንጠጫዎች ባትሪው ላይ ታስራላችሁ፣ ታስነሳላችሁ፣ መንገዳችሁን ትቀጥላላችሁ። ውስጡ ሊቲየም ባትሪ ነው። ወፍራም መጽሐፍ ቢያክል ነው፤ ስልክ ቻርጅ ያደርጋል፣ የራሱ መብራትም አለው።

እኔ ያወቅኩት መንገድ ላይ ስቀር ነው። የመኪናዬ ባትሪ ምንም ምልክት ሳያሳይ በድንገት ሞተ። የማላውቃቸው ሰዎች መጥተው ከበቡኝ፤ አንዱ መኪናውን ዳር አስይዞ ወረደ፣ ሌላው ካለፈ በኋላ ዞሮ ተመለሰ፣ "አይዞህ፣ እንግፋልህ" አሉኝ። ግን መኪናው አውቶማቲክ ነው፣ ተገፍቶ አይነሳም። ከሌላ መኪና ባትሪ ጋር አገናኝቶ የሚያስነሳ ኬብል የያዘም አልነበረም። ሊረዳኝ የፈለገ ሰው ሞልቶ የጠፋው ዕቃው ነበር። ከዚያ አንዲት ሴት ቆማ ይህን ማስነሻ ይዛ መጣች። ቀዩን ከፖዘቲቩ፣ ጥቁሩን ከኔጌቲቩ አሰረች፣ "አሁን ሞክረው" አለችኝ፣ ወዲያው ተነሳ። በጣም ደስ ያለኝ ደግሞ ማስነሳቱ ላይ አለማቆሟ ነው። መቆንጠጫዎቹን ከነቀለች በኋላ በቮልት መለኪያ ለካችና "ዲናሞህ ባትሪውን ይሞላል፣ የሞተው ባትሪው ነው፣ ሞተሩን ሳታጠፋ ባትሪ መሸጫ ድረስ ሂድ" አለችኝ። ይህቺ ምክር ሌላ ቦታ ድጋሚ ከመቆም አዳነችኝ።

ስለ ቮልቱ ይህን ያዙ። ደህና ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተሩ ሲሠራ ብዙውን ጊዜ ከ13.5 እስከ 14.5 መሆን አለበት። ሞተሩ እየሠራ ከ13 በታች እየወረደ ከሄደ ባትሪ መቀየር ብቻውን አያድናችሁም፣ ዲናሞው ይታይ።

ከኬብል ጋር ካነጻጸርነው፣ ኬብል ርካሽ ነው፣ ቻርጅም አይፈልግም። ችግሩ ሌላ መኪና መፈለጉ ነው። ያ መኪና ቀርቦ የሚቆምበት ቦታ መኖር አለበት፣ ባለቤቱም "መኪናዬን ያቃጥልብኝ ይሆን?" ብሎ ይሰጋል፣ ደግሞ አይፈረድበትም። በኬብል ስታስነሱ ጥቁሩን ጫፍ መጨረሻ ላይ፣ ከሞተው ባትሪ ራቅ ካለ የሞተር ብረት ጋር እሰሩት፤ ባትሪ ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚያወጣ አጠገቡ ብልጭታ እንዳይፈጠር ነው። ማስነሻው ግን የማንንም መኪና አይነካም። የሚረዳችሁን ሰው የምትጠይቁት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

አሁን ወደ እንከኖቹ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የአምፒር ቁጥር ለቅጽበት ብቻ የሚወጣው ከፍተኛው ነው፣ እሱን አትመኑ። ለስንት ሊትር የቤንዚን ሞተር፣ ለስንት ሊትር የናፍጣ ሞተር እንደሚሆን የተጻፈውን ፈልጋችሁ ከመኪናችሁ ጋር አስተያዩ። ናፍጣ ሞተር ለመነሳት የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል። ለ12 ቮልት የተሠራውን ደግሞ 24 ቮልት ባለው ከባድ መኪና ላይ ፈጽሞ እንዳትሞክሩት።

ሌላው፣ ባትሪው ጨርሶ ከሞተ ብዙዎቹ ማስነሻዎች ባትሪ መኖሩን አያውቁትም። ለዚህ ተብሎ በግድ የሚያስነሳ ቁልፍ ተሠርቶላቸዋል፣ ይሠራል። ግን ያ ቁልፍ ሲጫን አብዛኛው መከላከያ ይጠፋል፤ ቀይና ጥቁር ከተምታታ የሚያስቆመው ነገር የለም። ስለዚህ ሁለት ጊዜ አይታችሁ ተጫኑት። በጭለማ፣ በድንጋጤ ላይ ላለ ሰው ማስጠንቀቂያው በደቃቅ ፊደል መጻፉ በጣም ያናድደኛል።

ሙቀትም ይጎዳዋል። ፀሐይ ላይ የሚውል መኪና ውስጥ ከርሞ ሊያብጥ ይችላል፣ ካበጠ አትጠቀሙበት። ቻርጁ በራሱ ቀስ እያለ ስለሚወርድ በየጥቂት ወሩ ሙሉት፣ አለዚያ በሚያስፈልጋችሁ ቀን ባዶ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ለፈነዳ ጎማ፣ ለጋለ ሞተር፣ ለተበጠሰ ቺንጋ ግን ምንም አያደርግም።

እኔ ከገዛሁት ወዲህ ከራሴ መኪና ይልቅ የሌላ ሰው መኪና ያስነሳሁበት ይበልጣል። የቆመ ሰው ስታዩ ሮጣችሁ ኮፈን አትክፈቱ። አራቱን ፍሬቻ አብሩ፣ አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘኑን ከኋላ አስቀምጡ፣ ራቅ ብላችሁ "ማስነሻ አለኝ፣ ልርዳችሁ?" በሉ፣ በተለይ በምሽት። ቁልፉን ባለቤቱ ያዙር። ብቻውን ወይም ብቻዋን የቆመ ሰው እናንተንም ሊፈራ ይችላል፣ ያንን አክብሩለት። መስኮት ሳይከፍቱ "ሰው እየመጣልኝ ነው" ካሏችሁ እሺ ብላችሁ ሂዱ።

ልትገዙ ከሆነ የመቆንጠጫው ገመድ ረዘም ያለውን ምረጡ። የአንዳንዱ በጣም አጭር ስለሆነ ማስነሻውን የሚያስቀምጡበት ቦታ ጠፍቶ ሁለተኛ ሰው በእጁ ይዞ ይቆማል። ቮልት የሚያሳይ ከሆነ ደግሞ ጥቂት ጨምራችሁም ቢሆን እሱን ውሰዱ።